የዳምጤ አንገት

በዘጠኝ ዓመቴ፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ መቶ አስራ ስምንት አንገት ቆርጫለሁ። ቆጥሬያቸዋለሁ። የዳምጤን አንገት፣ የዳምጤን እናት አንገት፣ የትራፊክ ፖሊሱን፣ የቄሱን፣ የሦስት ሌቦችንና የአንዲት ፍየል አንገት። ፍየሏን ልለፋት ብዬ ነበር፤ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ነው ስለተባልኩ እሷንም ጨመርኳት። እስካለፈው ወር ድረስ በዚያ ሥራዬ ኮርቼ ነው የኖርኩት። ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ኩራቴ ነው።

ዳምጤ በእውን ያለ ሰው አይደለም። የኮሚክ ባለታሪክ ነው፤ አንድ መብራቷ የጠፋ ባጃጅ እየነዳ ከፒያሳ አዘዞ የሚመላለስ፣ ሌባ የሚያሳድድ፣ ተሳፋሪውን በነገር የሚጠብስ። ያኔ እኛ ኮሚክ የሚለውን ቃል አናውቀውም ነበር። "አዲሱ ዳምጤ ወጣ?" ነበር የምንለው። የሚያሳትመው "አራት ማዕዘን" የሚባል ድርጅት ነው። ድርጅት ስል፣ አዲስ ዓለም ካለው ቤታችን ሳሎን አጠገብ አንዲት ክፍል፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አባቴ ኡዘይርና ጋሽ አምሐ። በቃ። ከመንግሥትም ከማንም ሳይጠጉ፣ ሁለቱ ብቻ፣ በ1998 ዓ.ም. ጀመሩት።

አባቴ ፒያሳ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ነበረው። አሁንም አለው፤ የምሠራበት እኔ ነኝ። አባቴ ወሬ ሲጀምር የሰው ሻይ ይቀዘቅዛል፤ ሁሉም አፍ አፉን ነው የሚያየው። መስመር ግን አስምር ቢሉት እጁ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ አምሐ የማክሰኝት ሰው ነው፤ አጎቱ ብራና ጸሐፊ ነበሩ፣ እሱም እርሳስ ሳይዝ ብራና መፋቅ የጀመረ። ቃል አይወጣውም። እናቴ ምሳ ስታቀርብለት እንኳ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ነው የሚያመሰግናት።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ጋሽ አምሐ በእርሳስ ነድፎ፣ በጥቁር ቀለም አድምቆ፣ ሰዎቹ የሚናገሩባቸውን ክቦች ባዶ ይተዋቸዋል። ከዚያ ገጾቹን ለአባቴ አስረክቦ ይሄዳል። አባቴ በክቦቹ ውስጥ ቃሉን ይሞላና፣ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ይወስዳቸዋል። ጋሽ አምሐ ሥራውን መልሶ የሚያየው ከታተመ በኋላ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ ለማለት አስራ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ስዕሎቹ የሚገቡባቸውን ክፈፎች እያሰመረ አገኘሁት። ቆሜ ሳየው ቆየና ማስመሪያውን ሰጠኝ።

"አጎቴ ብራና ሲያሰምሩ አስቀድመው ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጉታል" አለኝ። "መስመር መነሻውንና መድረሻውን ካላወቀ ይቅበዘበዛል። ነጥብ፣ ሳብ፣ ነጥብ። በይ።"

ነጥብ፣ ሳብ፣ ነጥብ። ደብተሬን ሙሉ አሰመርኩት። የጋሽ አምሐ ክፈፎች ሁሉ ዳርና ዳራቸው ላይ እነዚያ ጥቃቅን ነጥቦች ነበሯቸው፤ የጎንደር ልጆች ሥራውን በነጥቦቹ ነው የሚለዩት። አባቴም አንድ ሁለቴ ሞክሮ ቀለም ደፋና "የናንተን ጣጣ እናንተ ቻሉት" ብሎ ተወው።

ስድስተኛው እትም ከወጣ በኋላ ነገር ተበላሸ። ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ምን እንደሚል አላውቅም፤ ለጋሽ አምሐ የተጻፈ መሆኑን ግን ከአባቴ ፊት ዐወቅሁ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራለሁ። እነሱ ውስጥ ናቸው።

"የዳምጤ ፊት የሟች ወንድሜ ፊት ነው" ይላል ጋሽ አምሐ። ከወትሮው ድምፁ ከፍ ብሏል።

"አፉስ?" ይላል አባቴ። "ይኼ ሁሉ ሰው የሚስቀው በፊቱ ነው እንዴ? ቃሉ ከየት መጣ?"

"እንግዲያስ ይዤው እሄዳለሁ።"

"ሞክራት።"

ጋሽ አምሐ ሲወጣ እግሬ ስር ያለውን ደብተር ሳያይ ረግጦት አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔ ሌባ ሆነ። ዳምጤን ሊሰርቀን ነው ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው። ማን እንደሰረቀ ማን እንደተሰረቀ እናቴ የነገረችኝ ገና ባለፈው ወር ነው። ጋሽ አምሐ "ይዤው እሄዳለሁ" ያለው፣ "ኡዘይር፣ ተነስ አብረን እንሂድ፣ ያላንተ አይሆንልኝም" ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ከለመነው በኋላ ነበር። አባቴ እምቢ ያለው የደብዳቤው ፖስታ ላይ የሱ ስም ስለሌለ ነው።

በዚያው ሰሞን ቁርኣን ቤት ትልቅ ጉድ ሰማሁ። ኡስታዛችን አልነበረችም የነገረችን፤ አጠገቤ የምትቀመጥ ሁልጊዜ ሁሉን የምታውቅ አንዲት ትልቅ ልጅ ናት። ነፍስ ያለውን ነገር የሳለ ሰው፣ የቂያማ ቀን፣ የፍርድ ቀን ማለት ነው፣ "በል ነፍስ ዝራበት" ይባላል፤ አይችልም፤ እሳት ይገባል አለችኝ። ከዚያ ከሌላ አገር የመጣ የልጆች መጽሐፏን ገልጣ አሳየችኝ። የልጆቹ ስዕል ሁሉ አንገቱ ላይ መስመር አለው።

"አንገቱ ከተቆረጠ ነፍስ አለው አይባልም" አለች። "ያኔ ወንጀል የለበትም።"

በጣቶቼ ቆጠርኩ። ስድስት እትም። በእያንዳንዱ እትም ስንት ሰው፣ ስንት ነፍስ። አባቴ በሁሉም ፊት ቀርቦ ዳምጤ ላይ ነፍስ ዝራ ሲባል፣ እሱ መስመር እንኳ ማስመር የማይችለው አባቴ፣ ታየኝ። ጥፋተኛው ደግሞ ጋሽ አምሐ ነው፤ ስዕሉን ቤታችን ያመጣው እሱ ነው። ለጋሽ አምሐ እሳቱ ምንም አልመሰለኝም። አባቴ ግን እንዲድን ፈለግሁ።

ዓርብ አባቴ ለጁምዓ ወጣ። እናቴ ፈህሚያ ጓዳ ናት። ጋሽ አምሐ ከጠቡ በኋላም ጨርሶ ያስረከበው የሰባተኛው እትም ሃያ አራት ገጽ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አባቴ ማለዳውን ቃሉን ሞልቶ ጨርሶ፣ በማግስቱ ባሕር ዳር ሊወስደው ደርድሮታል። አረንጓዴ እስክሪብቶዬንና ማስመሪያዬን ይዤ ገባሁ። ከመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ ክፈፍ፣ ከዳምጤ ጀመርኩ። ነጥብ፣ ሳብ፣ ነጥብ። ነጥብ፣ ሳብ፣ ነጥብ። ቀለሙ እንዳይዛባ እጄን አነሳ ነበር፤ እንደተማርኩት። ቄሱ ጋ ስደርስ ትንሽ ፈራሁ፤ ሸጋ ሰው ነበሩ፣ የዳምጤን ባጃጅ የሚባርኩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውንም አዳንኳቸው። ስጨርስ ጣቶቼ አረንጓዴ ሆነው ነበር። ገጾቹን እንደነበሩ አስተካክዬ ወጣሁ።

አባቴ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ገባ፣ በሩን ዘጋ። ከበሩ ወዲህ ቁጭ አልኩ። ጸጥ አለ። ከዚያ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የጽሑፍ ስህተት የሚያጠፋበት የፍሉዱ ጠርሙስ ሲናጥ ውስጡ ያለችው ብይ መሳይ ኳስ የምታሰማው ድምፅ ነው። ቆመ። እንደገና ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ድመታችን ከግቢው ወደ ሳሎን ገብታ፣ ዞራ፣ ተመልሳ እስክትወጣ ድረስ።

"ፈህሚያ" ብሎ ተጣራ። "አምሐ ዛሬ መጥቶ ነበር?"

"አልመጣም።"

"ራቢዓስ የት ዋለች?"

"እዚሁ ናት። ምነው?"

"ምንም።"

በሩን ከፍቶ ወጣ። እጆቼን ከኋላዬ ደበቅኋቸው። አየኝ፤ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ራሴን ዳሰሰኝና "ጎበዝ ልጅ" አለኝ። በምን እንደጎበዝኩ አልነገረኝም። እኔ ግን ገባኝ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። ዐውቋል፤ ተቀብሎኛል፤ ድኗል።

በማግስቱ ማለዳ ገጾቹን ይዞ ባሕር ዳር ሄደ።

ሰባተኛው እትም በስምንተኛው ቀን በገመድ ታስሮ መጣ። ቀድሜ አንዱን መዝዤ ከፈትኩ። አረንጓዴው መስመር በኅትመቱ ጥቁር ሆኗል፤ ያምራል። አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፈፎች ላይ መስመር የለም። ከዳምጤ መጀመሬን አስታውሳለሁ፤ ግን የለም። የዳምጤም አንገት በሦስቱ ላይ ወፍሮ የበርሜል አፍ መስሏል። ዘልዬያቸው ነው ማለት ነው ብዬ ራሴን ረገምኩና፣ በራሴ ቅጂ ላይ ሦስቱን በእስክሪብቶ ጨመርኳቸው።

ሁለት ቀን አልቆየም። አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ሱቅ መጣችና መጽሔቱን ከባንኮው ላይ ወረወረችው።

"አንገቱ የተቆረጠ ቄስ ለልጄ ታስነብቡታላችሁ?" አለች። ድምጿ አልጮኸም። አባቴን ትኩር ብላ ነበር የምታየው። "ምን ልትሉን ፈልጋችሁ ነው?"

እኔ ከባንኮው ስር ሆኜ፣ ይህች ሴትዮ ምን አገባት፣ ቄሱን ያዳንኩት እኔ እል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሱቆች መጽሔቱን በደርዘን መለሱ። በአራተኛው ቀን የሱቃችን መዝጊያ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። እናቴ ቁርኣን ቤት እንዳልሄድ ከለከለችኝ፤ ሳምባዬን ያመመኝ አስመስላ ለሰው ነገረች። የሚባለው ነገር "እስላሙ ነው ያስቆረጠው" የሚል ነበር፤ ያን የሰማሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌዎች ሱቃችን ውስጥ ተቀመጡ። መዝጊያው እስከ ወገቡ ወርዷል። በአባቴ በኩል ሐጂ አብዱልመናን፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ፤ በጋሽ አምሐ በኩል አያ ክንዱ፣ ከማክሰኝት የመጡ ዘመዱ። እኔ ከደብተር ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጫለሁ። ማንም ውጪ አላለኝም።

አባቴ ቆሞ ተናገረ። አይ አባቴ። ቃሉ እንደ ወትሮው ያምር ነበር።

"ይኼ ሰው ዳምጤን ሊወስድብኝ ፈለገ፤ እምቢ አልኩት። ስዕሉን ሁሉ አንገት አንገቱን ቆርጦ ሰጠኝ። እኔ ቃሌን ስሞላ በችኮላ ነው፣ አላየሁትም። ሰው ሲያየው 'እስላሙ ነው' እንዲል፣ ሱቄ እንዲቃጠል፣ እሱ ዳምጤን ይዞ አዲስ አበባ እንዲገባ። አላመናችሁኝም? ይኸው፣ መስመሩን እዩት። ዳርና ዳሩ ላይ ነጥብ አለው። ይህችን ነጥብ ከአምሐ ሌላ የሚያደርግ ሰው ጎንደር ውስጥ ካለ አምጡልኝ።"

መጽሔቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሐጂ አብዱልመናን መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አሳዩኝ" አለ ጋሽ አምሐ።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ፤ እሷ ላይ ብዙ ቆየ። ቀጥሎ የቄሱን ገጽ ገለጠ። ጣቱን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ነጥብ በዝግታ ሳበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት፤ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ጥላቻ፣ ዓይኔን ሳልሰብር። አባቴ ስለ እኔ እየዋሸ ነበር። እኔን ለማዳን ሲል ነበር የሚዋሸው፤ እኔ አድኜዋለሁ፣ አሁን ደግሞ እሱ እያዳነኝ ነው። ልቤ በፍቅር ሊፈነዳ ደረሰ።

"አምሐ፣ አንተ ካልሆንክ ማልና ይብቃ" አሉት አያ ክንዱ። "እኔ አላደረግሁም በልና ማል። እናምንሃለን።"

"አልምልም።"

"ምነው?"

"አልምልም አልኩ አያ።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አለቀ። የማይምል ሰው ምን ይባላል? አያ ክንዱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከሱ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ጋሽ አምሐ ተነሳ፣ ከመዝጊያው ስር ሊወጣ ጎንበስ አለና ወደ አባቴ ዞረ።

"ኡዘይር" አለው፣ "አንገት መሳል አትችልም።"

ስድብ መሰለኝ። አባቴን ስለሰደበው ከኋላው ምላሴን አወጣሁበት።

ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስሙ አይነሳም። "ያ ሰውዬ" ነው የሚባለው፤ ለውጭ ሰው ደግሞ "ሠዓሊው"። አባቴ ሌላ ሠዓሊ ፈልጎ ሁለት እትም አወጣ፤ ዳምጤ ዳምጤን መምሰል አቆመ፤ "አራት ማዕዘን" ተዘጋ። ታሪኩ ግን አልተዘጋም። በየሰርጉ፣ በየሻይ ቤቱ፣ አንድ ጊዜም በሬዲዮ፣ አባቴ ያችን ቀን ተርኳታል። "ማል ብንለው፣ አልምልም አለን።" ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ለሠዓሊው ጎንደር ውስጥ ሥራ የሚሰጥ ጠፋ ሲባል ሰማሁ፤ እሰይ አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ፣ ስለ እኔ ሲል ሽማግሌ ፊት የዋሸ አባት ትቼ የት እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ፤ ሱቁን ያዝኩለት። ማንም አላስገደደኝም። ውለታ ነበር የምከፍለው።

ባለፈው ወር ሰርካለም የምትባል ልጅ ሱቅ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የ"አራት ማዕዘን"ን ታሪክ መጽሐፍ እየጻፈች ነው፤ ሃያኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ፒያሳ ላይ ዐውደ ርእይ ይዘጋጃል። አባቴን በስልኳ እየቀዳች ነበር። ከመጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ አሳየችኝ፤ ርእሱ "የሠዓሊው ክህደት" ይላል። በወሩ መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል።

"የእጅ ሥራዎቹ ቢገኙ እንዴት ጥሩ ነበር" አለችኝ። "አባትሽ ተቃጥለዋል አሉኝ።"

እናቴ ግን የሚቃጠል ነገር አታውቅም። የኔን የአንደኛ ክፍል ካልሲ እንኳ አላቃጠለችም። ከአልጋዋ ስር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎትቼ ከፈትኩት። ከሽርጦቹ ስር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሰባተኛው እትም ከነሙሉ ገጹ ተኝቷል። አረንጓዴ መስመሮቼን ሳይ ሳቄ መጣ። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ አነሳሁ።

አልዘለልኳቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፈፎች ላይ አሰምሬ ነበር። በላያቸው ነጭ ፍሉድ ተቀብቷል፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከስንጥቁ ስር አረንጓዴው ይታያል። ከነጩ በላይ አንድ የሚንቀጠቀጥ እጅ በቃል መጻፊያ ብዕር የዳምጤን አንገት ደግሞ ስሎታል። እንደ በርሜል አፍ። ያ እጅ የማን እንደሆነ ለማወቅ መቃብር መማስ አያስፈልግም። ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ሲል ከበር ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓርብ ከሰዓት አይቶታል። ማጥፋት ጀምሯል። ሦስት አጥፍቶ፣ አንድ ነገር መጥቶለት፣ ብዕሩን አስቀምጧል። ከዚያ ወጥቶ ጎበዝ ልጅ አለኝ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ቀን ማክሰኝት ሄድኩ። ሠዓሊው የት ነው አልኩ፤ ከብት ገበያው አጠገብ አሳዩኝ። ቆርቆሮ ላይ ለእንስሳት መድኃኒት ቤት ላም እየሳለ ነበር። ጠጉሩ ነጥቷል። ቀና ሳይል "አቤት" አለ።

"ራቢዓ ነኝ። የኡዘይር ልጅ።"

"ዐውቄሻለሁ። አረማመድሽ የሱ ነው።"

ገጹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁለት። እጁ ቀለም ነበር፤ ሳይነካው አየው።

"ሦስቱን አንገት ከታተመው ላይ ያኔውኑ አይቻቸዋለሁ" አለ። "የወንድሜን አንገት እንዲያ አድርጎ የሚስል እሱ ብቻ ነው።"

"መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ ጋሽ አምሐ።"

"እሱንም ዐውቀዋለሁ። እንዲያ አድርጎ የሚያሰምር በዓለም ላይ እኔና አንቺ ነን።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ብሩሹን በጨርቅ ጠረገ። "ያን ሳምንት እኮ ድንጋይ የያዘ ሰው ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ቁርኣን ቤት ሰምታ ነው ብዬ ፒያሳ ላይ ላውራ? እኔ አይደለሁም ብዬ ብምል፣ ታዲያ ማን ነው ሊሉ ነው። ነጥቡን ተከትለው እዚያ ካርቶን ላይ አንቺ ጋ ሊደርሱ ነው። አባትሽ አልሰጋም፤ እንደማልናገር ያውቃል። በዚያ ነው የተጫወተብኝ።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ከመንገድ ያለፉ ሰዎች ዞረው አዩን።

"ተይ" አለኝ፣ ድምፁ ደረቅ ነበር። "ይኼ ልቅሶ ያንቺ አይደለም።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"አልልም።" ላሟን ትቶ ሙሉ ለሙሉ ወደኔ ዞረ። "በዚያች ልጅ ቂም የለኝም፤ ልጅ ናት። አንቺ ግን አደግሽ። አስራ አምስት ሞላሽ፣ ሃያ ሞላሽ። እኔ ያለሁት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። መስመሩ ያንቺ መሆኑን እያወቅሽ፣ አባትሽ በኔ ስም ሰው ሲያስቅ አጠገቡ ተቀምጠሽ ሻይ ጠጣሽ። ወንድሜን ዳግም ቀበርኩ፣ ስሜን ቀበርኩ፣ ላምና በግ እየሳልኩ አረጀሁ። አባትሽን ጠልቼው ወጥቶልኛል። አንቺን ግን በየዓመቱ ነው የጠላሁሽ።"

"እኔን ለማዳን የዋሸ መስሎኝ ነበር" አልኩ። ስናገረው ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ለራሴም ተሰማኝ።

"ለአንቺ ሸጋ አባት ሆኖልሻላ።"

"ምን ላድርግ?"

"እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? እኔማ የተደረገውን ዐውቃለሁ። ስሜ የወደቀው ፒያሳ ነው።" ብሩሹን አነሳና ወደ ላሟ ተመለሰ።

በማግስቱ በአሥር ሰዓት አባቴ ከማይለቀው ሻይ ቤት፣ ከማይለቀው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሐጂ አብዱልመናን በቀኙ፣ ሰርካለም ስልኳን መሐል አስቀምጣ በፊቱ። "ማል ብንለው" ይላል አባቴ፣ "አልምልም አለን።" ሐጂ ይነቀንቃሉ። ሰርካለም ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

ገጹን ከስልኩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

አባቴ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ለመውረድ ጊዜ ወሰደበት። "ፈህሚያን አቃጥዪው ብያት ነበር" አለ፣ ለራሱ ያህል።

"ሰርካለም፣ ስልኩን አትዝጊው" አልኩ። "መስመሮቹን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጋሽ አምሐ አላያቸውም። አባዬ ግን ሊያሳትም ሳይሄድ አይቷቸዋል። ይኸው ሦስቱን አጥፍቶ በእጁ ስሏቸዋል። የታተመውን አምጥተሽ አስተያዪው፤ ሦስቱ ላይ መስመር የለም።"

ሐጂ አብዱልመናን መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ። አባቴ እጄን ያዘኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እውነተኛ እንባ።

"ላንቺ ብዬ ነው ልጄ" አለ። "አንቺን ልከልል ብዬ ነው።"

አስራ ዘጠኝ ዓመት ይህችን ቃል ከአፉ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲዬን ለዚህች ቃል ትቻለሁ። ስትመጣ እንዴት እንደምትጥም ልነግራችሁ አልችልም፤ እጁ ሞቃት ነበር፣ ዝም ብል ሁሉም ነገር ባለበት ይቀጥል ነበር። ለትንሽ ጊዜ ዝም አልኩ። በዚያች ዝምታዬ አፍራለሁ።

"ሌሎቹንም አጥፍተሃቸው ቢሆን ኖሮ፣ አባዬ" አልኩት፣ "የምትከልለኝ ነገር አይኖርም ነበር።"

እጄን ለቀቀው። እንባው ባንድ ጊዜ ደረቀ።

"ማን ያምንሻል?" አለ። አሁን ድምፁ የማውቀው የሱቅ ድምፁ ነበር። "ነጥቡ የሱ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሐጂም ፈርደውበታል።"

"ባንተ ቃል ነው የፈረድኩት ኡዘይር" አሉ ሐጂ አብዱልመናን፤ መነጽራቸውን አግኝተዋል፤ ዓይናቸው ከገጹ ላይ አልተነሳም።

የሰርካለምን ብዕርና ደብተር ወሰድኩ። ማስመሪያ አልነበረም፤ በምግብ ዝርዝሩ ካርድ ጠርዝ አሰመርኩ። ነጥብ፣ ሳብ፣ ነጥብ። ነጥብ፣ ሳብ፣ ነጥብ። እጄ አልረሳውም። አንድ ገጽ ሞልቼ ደብተሩን ከዳምጤ ገጽ ጎን ገፋሁት። ሐጂ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ከአባቴ አጠገብ ሳብ አድርገው አራቁት፤ አያ ክንዱ ያን እሁድ እንዳደረጉት።

"እንዲህ ማስመር ማን አስተማረሽ?" አለች ሰርካለም።

"ጋሽ አምሐ።"

"ማን?"

ለካ ስሙን ሰምታው አታውቅም። ስንት ጊዜ ቀድታዋለች፣ ስንት ገጽ ጽፋለች፤ አባቴ አንድም ቀን ስሙን አልነገራትም።

"አምሐ ውዱ" አልኳት። "ማክሰኝት ነው ያለው፤ በሕይወት አለ። ጻፊው።"

ብዕሯን ወስዳ ጻፈች። የአባቱ ስም ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ደገምኩላት።